በቆዳ ውስጥ የተገኘው ማስረጃ

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 እ.ኤ.አ. ስለሚያንቀጠቅጠው ሕመም ሲጽፍ የተመረኮዘው በዓይኑ ባየው ብቻ ነበር። በ1912 ፍሬድሪክ ሌዊ በሙታን አንጎል ውስጥ ባዕድ የሆኑ ጥቃቅን ክምችቶችን አገኘ፤ በ1997 የእነዚህ ዋነኛ ይዘት አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። ይሁን እንጂ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዶፓሚን አመንጪ ከሆኑት ሕዋሳት ብዙዎቹ አልቀዋል።

ይኸው ፕሮቲን በቆዳ ነርቮችም ይከማቻልና፣ በ2024 በአሜሪካ በታተመ ጥናት 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የቆዳ ናሙና ከ96 ሕሙማን በ89ኙ፣ ከ120 ጤነኞች ግን በ4ቱ ብቻ ታይቷል። ምልክት ያልጀመራቸውን ለይቶ ማወቅ ገና በጥናት ላይ ነው።

በኢትዮጵያ በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ተካሂዶ በ1990 የታተመው ጥናት ከ100,000 ሰው 7 ያህል ሕሙማን ቆጥሯል፤ የቆጠረውም ምልክታቸው የታየውን ብቻ ነው። በደብረ ታቦርም ቢሆን የቆዳ ናሙና መውሰድ ከባድ አይሆንም፤ የሚከብደው ናሙናውን ሳይበላሽ ማጓጓዝ፣ ማቅለምና በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ማንበብ ነው። በሽታውን የሚገታ መድኃኒት ገና ስላልተገኘ፣ ለጉና ዙሪያ ገበሬ ዛሬ የሚበጀው የእጁን መዘግየት እርጅና ነው ብሎ የማያልፍ ሐኪምና ሳይቋረጥ የሚደርስ ሌቮዶፓ ነው።