የዱር ተርኪ ወደ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ጓሮዎች የመጣበት ታሪክ

በኦክላንድ ኮረብታዎችና በሳን ሆዜ ዳርቻ፣ ከቤት ጓሮ ገብቶ ሣሩን ሲጭር የሚገኘውና ወንዱ እስከ 10 ኪሎ ግራም ሊመዝን የሚችለው ትልቅ ወፍ የዱር ተርኪ ነው። ራሱና አንገቱ ላባ ስለሌላቸው፣ በዚያው ሰማይ ከሚያንዣብበው ቀይ ራስ ጥንብ አንሳ ጋር ሊምታታ ይችላል፤ ሆኖም ጥንብ አንሳው በድን ፍለጋ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ሲውል፣ ተርኪው እንደ ጅግራ በመንጋ እየተራመደ ዘር፣ ነፍሳትና ከዛፍ የረገፈ ፍሬ ይለቅማል፤ ሲመሽም ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። ከወንዱ ደረት የሚንጠለጠለው፣ እንደ ጭራ ጠጉር የሻከረው ጢም መሰል ላባ ደግሞ ማንነቱን ያረጋግጣል።

ወፉ የካሊፎርኒያ ነባር ነዋሪ አይደለም። ቅሪተ አካሉ በሎስ አንጀለስ የላ ብሬያ ሬንጅ ጉድጓዶች በብዛት የተገኘው የጥንቱ የካሊፎርኒያ ተርኪ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል። የዛሬውን ያመጣው ሰው ነው፤ በ1877 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ) የከብት አርቢዎች ሳንታ ክሩዝ ደሴት ላይ ለቀቁት፤ ከ1908 ጀምሮ ደግሞ የግዛቱ መንግሥት ለአደን እንዲውል በማሰብ በእርባታ ጣቢያ ያደጉ ተርኪዎችን በየጫካው በተነ። ይህ ሙከራ እስከ 1951 ቢዘልቅም ፍሬው እጅግ አነስተኛ ነበር፤ ምክንያቱም በሰው እጅ ያደገ ጫጩት ከእናቱ አውሬ መሸሽንና ቀለብ መፈለግን ሳይማር ስለሚለቀቅ ብዙ አይቆይም። ነገሩን የለወጠው ከ1959 በኋላ ዱር የተወለዱትን፣ በተለይም የቴክሳሶቹን፣ በመረብ እያጠመዱ ማምጣቱ ነው።

የቴክሳሱ ዝርያ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ስም ይጠራል፤ የጭራው ላባ ጫፍ ከምሥራቁ ዝርያ ጥቁር ቡና ቀለም ይልቅ ወደ ገለባ ስለሚያደላ፣ የአንድ ላባ ጫፍ ብቻ እንኳ የወፉን የትውልድ ስፍራ ይጠቁማል። ውኃ የሚጠጣ የጓሮ ሣር፣ ማደሪያ የሚሆን ረጅም ዛፍና አዳኝ የማይተኩስበት መንደር ሲያገኝ ወደ ከተማ መውረዱ አይቀርም ነበር፤ በመንግሥት ውሳኔ የመጣን ወፍ ወራሪ ብሎ መኮነን ስለዚህ ፍትሕ ይጎድለዋል። በ2020 ግን የኦክላንድ የጽጌረዳ መናፈሻ፣ ነዋሪዎች ጄራልድ ያሉት አንድ ወንድ ተርኪ ጎብኚዎችን በማጥቃቱ ተዘግቶ ነበር፤ ወፉም በጥቅምት ወር ተይዞ ከከተማው ውጭ ወዳለ ኮረብታ ተወስዷል። ተርኪ በካሊፎርኒያ ሕግ ከሚታደኑ አእዋፍ ስለሚመደብ፣ ጓሮው የተበላሸበት ነዋሪ እንኳ ያለ ፈቃድ ሊገድለው አይችልም።