ከፈረስ ስም እስከ አይሮፕላን ነጂ መጠሪያ

በኢትዮጵያ የጦር ሰው ከክርስትና ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ ሦስተኛ ስም ነበረው። ይኸውም የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው ይጠሩ ነበር። ስሙ በመጀመሪያ የፈረሱ ሲሆን፣ «አባ» የሚለው ቃል የፈረሱን ጌታ ያመለክታል። በኦሮምኛ «አባ» አባትም ባለቤትም ማለት ነው፤ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የሚኖሩት የቱለማ፣ የአርሲና የከረዩ ኦሮሞዎችም በዚሁ ቃል ሹመትንና ሥራን ይገልጻሉ፤ አባ ገዳና አባ ዱላ ማለት ከዚህ የመጣ ነው። በጅማም አባ ጅፋር የሚለው ስም ከፈረስ ተነሥቶ የንጉሥ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ስለዚህ ልማዱ የአንድ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን፣ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ የጦር ሜዳ የተገናኙበት ነው።

የፈረስ ስም ዋና አገልግሎቱ ማስታወቅ ነው። ጦረኛው በፉከራው ስሙን ከፍ አድርጎ ይጠራል፤ ተከታዮቹም የእገሌ አሽከር ነኝ ሲሉ በጌታቸው ፈረስ ስም ይምላሉ። ከዚህም የተነሣ መልካም የሠራም ክፉ የሠራም ሰው ከሥራው ሊሸሸግ አይችልም። ስሙን ወዳጁም ጠላቱም ሰምቶታልና።

አንዳንድ የፈረስ ስም ለዛሬ ጆሮ የሚያስፈራ ነው። «በዝብዝ» ማለት ዝረፍ ማለት ነው። ታሪኩን ያላወቀ አንባቢ ይህን ስም ብቻ ቢያይ ባለቤቱን ከክፉዎች ወገን ሊቈጥረው ይችላል። ነገር ግን ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የሞቱ ንጉሥ ናቸው። ስሙ የሚያስፈራራው ጠላትን እንጂ የባለቤቱን ጠባይ የሚመሰክር አይደለም። በልብ ወለድ መጽሐፍና በሲኒማ ያለው ልማድ ግን የተለየ ነው። በዚያ ክፉው አይሮፕላን ነጂ የአሞራ፣ የሌሊት ወይም የሞት ስም ሲሰጠው፣ ስሙ ለጠባዩ ፍርድ ይሆናል። ደራሲው አስቀድሞ ፈርዶበታልና አንባቢው የሚመረምረው ነገር አይቀርለትም።

ሰው በአየር መብረር በጀመረ ጊዜ ኢትዮጵያም ለአይሮፕላን ስም አወጣች። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የመጀመሪያው አይሮፕላን ፖቴዝ 25 ሲሆን፣ «ንስረ ማኰንን» ተባለ። የፈረሱ ቦታ ለንስር ተለቀቀ ማለት ይቻላል። ከውጭ የመጡት ነጂዎችም የወፍ ስም ይዘው መጡ። በኒው ዮርክ «የሐርለም ጥቁር ንስር» የተባለው ሁበርት ጁልየን በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓል አስቀድሞ የንጉሠ ነገሥቱን አይሮፕላን ሰበረ። በ1927 ዓ.ም. የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ደግሞ «ቡናማው ኮንዶር» ተባለ፤ በጦርነቱም ጊዜ ያልታጠቀ አይሮፕላን እየነዳ ለኢትዮጵያ አገለገለ። የሁለቱ ስም ይመሳሰላል፤ ሥራቸው ግን አይመሳሰልም።

በጠላት ወገን የነበረው ስም ሌላ ዐይነት ነው። ጋሌአትሶ ቻኖ ያዘዘው የኢጣልያ ቦምብ ጣይ ጓድ «ላ ዲስፔራታ» ይባል ነበር፤ ትርጓሜው «ተስፋ የቈረጠችው» ማለት ነው። ስሙ ቀድሞ በፊሬንዜ የነበረ የፋሺስቶች ጓድ ስም ሲሆን፣ ምልክቱም የራስ ቅልና አጥንት ነበር። ልብ ወለድ ጸሐፊ ለክፉ ሰው የሚመርጠውን ስምና ምልክት እነዚህ ሰዎች በገዛ ፈቃዳቸው ለክብር መረጡት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲከፈት አድዋ በአይሮፕላን ተደበደበች። በ1888 ዓ.ም. በዚያው በአድዋ ፊታውራሪ ገበየሁ፣ አባ ጎራው፣ ስማቸውን እያሰሙ ጠላት ፊት ለፊት ገብተው ወድቀው ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ ከሰማይ የመጣው ሰው ግን ለተደበደበው ሕዝብ ስምም ፊትም አልነበረውም። የጓዱ ስም በሮማ ጋዜጣ ይነበባል፤ በአድዋ ግን የሚታወቀው የቦምቡ ድምፅ ብቻ ነበር።

ልዩነቱ ከዚህ ላይ ይታያል። የፈረስ ስም የሚጠራው በሚዋጋው ሰው ፊት ነው፤ የአየር ጓድ ስም ግን የሚጠራው ለገዛ ወገን ነው። በኋላ የመጣው የራድዮ መጠሪያ ደግሞ ከዚህም ይርቃል፤ ነጂው በአየር ላይ ሲነጋገር ጠላት ማንነቱን እንዳያውቅ በአጭር ቃል ይሸፈናል። ፉከራ የሚገልጠውን ራድዮ ይሰውራል።

ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ አየር ኃይል በስዊድናዊው በካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት ከአዳማ በስተምዕራብ በምትገኘው በቢሾፍቱ ተደራጀ። በዚያው ዘመን በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው እግረኛ ጦር «ቃኘው» ተብሎ ተሰየመ፤ ይህም የራስ መኰንን የፈረስ ስም ነበር። ፈረሱም ጌታውም ካለፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ስሙ ባሕር ተሻገረ።

ከተሞቹም ራሳቸው የስምን ነገር ያውቃሉ። አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብለው ቆይተው ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ የታሪክ ተመራማሪ የጦረኛን ስም ሲያገኝ የቃሉን ትርጓሜ ፈትቶ ብቻ ሊያልፍ አይገባውም። ስሙን ማን አወጣው? በማን ፊት ተጠራ? የተጐዳውስ ሰው ሰምቶታልን? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ባለስሙን ከሥራው ጋር የሚያስተሳስረው የእነዚህ መልስ ነው።