ክረምት የሚጀምረው በመስከረም ነው፦ ስለ ስኪ ክለቦች ታሪክ

አዘጋጆቹ በየአገሩ የተበተንን ምሩቃን ስለምንኖርበት ስፍራ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናዋጣ ሲጠይቁን፣ የእኔ ምርጫ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። የምኖረው በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ነው። የምጽፈውም ስለ አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ፣ ማለትም ስለ ስኪ ክለቦች ነው። ስድስት ኪሎ ለተማረ ሰው “አገር አቋራጭ” ሲባል ትዝ የሚለው ጃንሜዳ ነው። እዚህ ግን ቀጫጭን ስኪ ከጫማ ጋር አያይዘው፣ ሁለት ዘንግ ይዘው፣ ዳገቱንም ሜዳውንም በእግርና በክንድ ጉልበት የሚዘልቁበት ስፖርት ነው። የሰፈራችን ክለብ ገንዘብ ያዥ ከሆንኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ታሪክ ያጠና ሰው ደግሞ ቃለ ጉባኤና ደረሰኝ እጁ ከገባ ዝም ብሎ አያልፍም። እያገላበጥኩ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፤ ክለብን የሚያቆመው በበረዶ ላይ የሚሮጠው ብቻ አይደለም፣ በረዶ ከመጣሉ በፊት መንገድ የሚጠርገው ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስኪ ራሱ በስካንዲኔቪያ ከሺህ ዓመታት በፊት ጀምሮ የማደኛና የመጓጓዣ መሣሪያ ነበር። ክለብ ግን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በኖርዌይ፣ ትሪሲል በምትባል የገጠር ወረዳ፣ በ1861 የተኩስና የስኪ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ኖርዌያውያንና ስዊድናውያን ወደ አሜሪካ ሲጎርፉ ልማዱን ይዘው መጡ። በ1872 በኒው ሃምፕሻየር፣ በርሊን በምትባል ከተማ፣ ኖርዌያውያን ስደተኞች ክለብ መሠረቱ። ይህ ክለብ በኋላ ግሪንላንድን በ1888 በስኪ ባቋረጠው በፍሪድዮፍ ናንሰን ስም ተጠራ። በ1905 ደግሞ በሚሺጋን፣ ኢሽፐሚንግ ከተማ፣ ክለቦቹ ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። ይህን ሳነብ የራሳችን ሰው ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። እኛስ በሰው አገር መጀመሪያ የምናቋቁመው ምንድን ነው? እድር፣ ዕቁብ፣ ማኅበር አይደል? ለእነዚያ ስደተኞችም ክለቡ ከስፖርት በላይ ነበር፤ በአገራቸው ቋንቋ የሚጫወቱበትና የሚተሳሰቡበት ቤት ነበር።

ትልልቆቹ ውድድሮችም የታሪክ ዝክር ናቸው። ስዊድናውያን በ1922 የጀመሩት 90 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው ቫሳሎፔት፣ በኋላ የነገሠው ጉስታቭ ቫሳ በ1520ዎቹ መጀመሪያ ከዴንማርክ ንጉሥ ሲሸሽ የሆነውን የሚያስታውስ ነው። ኖርዌያውያን ደግሞ በ1206 ሕፃኑን ሆኮንን ታቅፈው ተራራ ያሻገሩትን ተዋጊዎች፣ ቢርከባይነሮችን፣ ይዘክራሉ። በ1973 ቶኒ ዋይዝ የተባለ ሰው በጎረቤታችን ዊስኮንሲን የአሜሪካውን ቢርከባይነር የጀመረው ያንኑ ስም ወስዶ ነው። ግን ዝክር ሁሉ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። በ1923 ማርጊት ኑርዲን የተባለች ሴት ቫሳሎፔትን ጨርሳ ገባች፤ ከዚያ በኋላ ሴቶች በይፋ ታገዱ። እገዳው እስከ 1981 ቆየ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ በረዶውም ያው በረዶ ነው፤ ማን ይግባ ማን ይቅር የሚለውን የወሰነው የሰው ደንብ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ልመለስ። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው፤ መስከረም ሲጠባ ክረምቱ አለቀ እንላለን። እዚህ ግን የክለቡ ክረምት የሚጀምረው በመስከረም ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ተሰባስበን የመንገዱን ሣር እናጭዳለን፤ ሣሩ ካልታጨደ ስስ በረዶ አይሸፍነውም። የወደቁ ዛፎችን በመጋዝ ቆርጠን እናነሳለን፣ የውኃ መውረጃዎችን እንጠርጋለን፣ የእንጨት ድልድዩን ሳንቃ እንቀይራለን። ልጆች በየዓመቱ ስለሚያድጉ፣ የጠበባቸውን ጫማና ያጠራቸውን ስኪ የሚለዋወጡበት ቀን አለ። ጎልማሶቹ እስከዚያው አስፋልት ላይ በጎማ ስኪ ይለማመዳሉ። በረዶው ሲጥል ደግሞ አንዱ ሌሊት ተነስቶ፣ ስኖውሞቢል በሚሉት የበረዶ ሞተር መዳመጫ እየጎተተ ዱካውን ያወጣል። ጠዋት የሚመጣው ሰው ማን እንደሠራው እንኳ አይጠይቅም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እኮ ለዚህ ነው።

ቋንቋው ራሱ ትምህርት ነው። በአማርኛ በረዶ ብለን እንጨርሳለን፤ ቢበዛ አመዳይ እንጨምራለን። ስኪ የሚቀባ ሰው ግን አዲስ የጣለውን፣ ያረጀውን፣ ቀልጦ መልሶ የረጋውን መለየት አለበት፤ ለእያንዳንዱ ሰሙ ይለያያልና። ስዊክስ የተባለው የስዊድን ሰም በ1946 በቀለም ተለይቶ ሲወጣ ነገሩ ቀለለ፤ አረንጓዴው ለብርቱ ቅዝቃዜ፣ ሰማያዊው ለመካከለኛው፣ ቀዩ ለሞቅታው።

“ኢትዮጵያዊና ስኪ ምን አገናኘው?” ለምትሉኝ፣ ሮቤል ተክለማርያም አለላችሁ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ መጥቶ፣ በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ስኪ የተወዳደረ ሰው ነው። በ2006 በቶሪኖ፣ በ2010 በቫንኩቨር የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ ተሳትፏል፤ ከእሱ በፊት በዚያ መድረክ የቆመ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። እኔን የሚገርመኝ ግን ከሩጫው በፊት ያለው ነው። ለመወዳደር መጀመሪያ የኢትዮጵያን የስኪ ፌዴሬሽን ማቋቋም ነበረበት። በረዶ በሌለበት አገር አንድ ሰው እንኳ ብቻውን አልቻለም፤ ማኅበር አስፈለገው።

ዛሬ በረዶ በነበረበት አገርም በረዶ እየጠፋ ነው። የአሜሪካው ቢርከባይነር በ2017 በሙቀት ምክንያት ተሰረዘ። በ2024 ደግሞ 10 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ላይ ማሽን የሠራው በረዶ ተነጥፎ ተካሄደ። በዚያው የካቲት የዓለም ዋንጫ ውድድር ከ20 ዓመት በላይ በኋላ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በሚኒያፖሊስ፣ ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ፣ ሲደረግ፣ መሮጫውን ያተረፈው በማሽን የተሠራው በረዶ ነው። አሠራሩ ለሰሚው ቀላል ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ጥቂት ሲወርድ ውኃ በኃይል ተረጭቶ አየር ላይ ይረጋል፣ ክምሩ በዶዘር ይዘረጋል። ግን ፓምፑ፣ ቧንቧው፣ መብራቱ ሁሉ ገንዘብ ነው። ከሰማይ በነፃ ይወርድ የነበረው አሁን በደረሰኝ ይመጣል።

ገንዘብ ያዡን እንቅልፍ የሚነሳው ይሄ ነው። የአባልነት መዋጮውን ብንጨምር በረዶ ይኖረናል፤ ነገር ግን የአውቶቡስ ሾፌሩና የነርሷ ልጆች ይቀራሉ። ባንጨምር ደግሞ በሩ ክፍት ይሆናል፣ መንገዱ ግን ጭቃ። ዘንድሮ በጠቅላላ ጉባኤ ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማን፤ መክፈል የሚችል ጨምሮ ይክፈል፣ የማይችል በመስከረምና በጥቅምት በጉልበቱ ይሥራ፣ የልጆች ስኪ በውሰት ይሰጥ። ይህን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ክርክሬንም የያዝኩት ከቫሳሎፔት ታሪክ ነው። አንድ ጊዜ የተዘጋ በር ለመከፈት ከሃምሳ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ደንቡ ለአንድ ዓመት ይሞከራል። ሣሩ ታጭዷል፣ ድልድዩ ታድሷል፣ ለልጆቹ የሚሆን ስኪ መጋዘኑ ውስጥ በየቁመቱ ተደርድሯል። የቀረው ብርዱ ብቻ ነው።