የጠላቂ ዋናተኛ መተንፈሻ መሣሪያ አመራረጥ

ሸዋ ሮቢት ከተማ የምትገኝበት የይፋት ቆላ፣ ከምዕራቡ ተራራማ ክፍል ተነስተው ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚወርዱ እንደ ሮቢና ጀውሃ ያሉ ወንዞች የሚያቋርጡት ሥፍራ ነው። ወንዞቹ በክረምት በድንገት የሚሞሉ ሲሆን ብዙ ደለልም ይዘው ይወርዳሉ። በእንዲህ ያለ አካባቢ ለነፍስ አድን ሥራ የጠላቂ ዋናተኛ ትጥቅ ለመግዛት የሚያስብ መሥሪያ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያጤነው የሚገባው ሬጉሌተር የተባለውን የአየር ግፊት መቆጣጠሪያ ነው።

ሬጉሌተር እ.ኤ.አ. በ1943 ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በተባሉ ፈረንሣውያን አማካይነት ለዛሬው ቅርጹ መሠረት የሆነውን ይዘት አግኝቷል። ሥራውን በሁለት ደረጃ ያከናውናል። አንደኛው ደረጃ በሲሊንደሩ ውስጥ 200 ባር ገደማ የሆነውን ግፊት ከአካባቢው ግፊት በ10 ባር ያህል ወደሚበልጥ መጠን ይቀንሳል። በአፍ የሚያዘው ሁለተኛው ደረጃ ደግሞ ጠላቂው ሲስብ ብቻ አየር ይሰጣል።

በግዢ ወቅት የሚከተሉትን ነጥቦች ማገናዘብ ይገባል።

አንደኛ፣ ደለል በበዛበት ውኃ አንደኛ ደረጃው የታሸገ ባለ ዲያፍራም ሬጉሌተር ይመረጣል። ባለ ፒስተኑ ቀላል አሠራር ቢኖረውም ያልታሸገ ከሆነ ውኃው ከነደለሉ ወደ ውስጥ ይገባበታል።

ሁለተኛ፣ ግፊቱ የተመጣጠነ ዓይነት ቢሆን፣ ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድም መተንፈሱ አይከብድም።

ሦስተኛ፣ ዲን የተባለው በጥርስ የሚታሰር ማያያዣ ከመቆንጠጫው ዓይነት ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ሆኖም ከሲሊንደሩ ቫልቭ ጋር መግጠሙ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

አራተኛ፣ መሣሪያው ኢ.ኤን. 250 የተባለውን የአውሮፓ ደረጃ ያሟላ፣ የግፊት መለኪያና መጠባበቂያ መተንፈሻ ያለው መሆን ይኖርበታል። ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ለሆነ ቀዝቃዛ ውኃ የሚደረገው ተጨማሪ ዝግጅት ለቆላ ውኃ አስገዳጅ አይደለም።

አምስተኛ፣ መለዋወጫና በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራ የሚያደርግ ባለሙያ የማይገኝለት መሣሪያ ዋጋው ቢረክስም አያዋጣም።

ሲሊንደሩ የሚሞላው ለመተንፈሻ አየር በተሠራ፣ ማጣሪያ ባለው ኮምፕሬሰር ብቻ ነው። የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር የዘይት ትነትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያስገባ ስለሚችል ለሞት ይዳርጋል።

ከባሕር ወለል በላይ ከ300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዦች መስተካከል አለባቸው። ሸዋ ሮቢት 1 ሺህ 280 ሜትር፣ ጣና ሐይቅም 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ማስተካከያው ለሁለቱም የግድ ነው።

መሣሪያው የሚያገለግለው በረጋ ውኃ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ነው። በጎርፍ ሙላት ጊዜ ጠላቂን ማሰማራት ግን፣ የትኛውም ሬጉሌተር ቢገዛ፣ ሁለተኛ ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ ኃላፊዎች ትዕዛዝ ከመስጠታቸው በፊት ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ ይኖርባቸዋል።