ከመደርደሪያ ቁጥር እስከ መለያ ቃል፤ የመጻሕፍት አመዳደብ ጉዞ

በቤተ መጻሕፍት ሥራ ሁለት ጥያቄዎች ከጥንት ጀምሮ ተጣምረው ኖረዋል። አንደኛው «መጽሐፉ የት ነው ያለው?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «መጽሐፉ ስለ ምን ይናገራል?» የሚል ነው። መጽሐፍ በብራና ቢጻፍም ሆነ በወረቀት ቢታተም ግዙፍ ዕቃ በመሆኑ፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህም የሁለተኛው ጥያቄ መልስ በአንደኛው ጥያቄ ጠባብነት ሲወሰን ቆይቷል።

የዚህ አጣብቂኝ ምሳሌ በኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በቀላሉ ይገኛል። ወንጌል በአንድ ደብር ዕቃ ቤት ከሚጠበቁት መጻሕፍት ሁሉ የከበረ በመሆኑ፣ በባዶ ቅጠሎቹና በኅዳጎቹ ላይ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የውልና የስምምነት ቃል ሲጻፍበት ኖሯል። መጽሐፉ ለካህኑ ወንጌል ነው፤ ለታሪክ ተመራማሪው ግን የመሬት ይዞታ መዝገብም ጭምር ነው። ባለሙያው «ሃይማኖት» ብሎ ቢመድበው ታሪክ ፈላጊው ያጣዋል፤ «ታሪክ» ብሎ ቢመድበው ደግሞ መጽሐፉን ከተፈጥሮው ያወጣዋል። የአመዳደብ ታሪክ በአብዛኛው ይህን ችግር ለመፍታት የተደረገ የጥረት ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከእስክንድርያ እስከ ዋሽንግተን

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ካሊማኮስ የተባለው ባለቅኔና ሊቅ በእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የነበሩትን የግሪክ ድርሰቶች በ120 ጥቅሎች መዝግቦ ነበር። ደራሲዎቹን በድርሰታቸው ዓይነት ከከፈለ በኋላ፣ የእያንዳንዱን ደራሲ የሕይወት ታሪክ በአጭሩ፣ የድርሰቱን መነሻ ቃልና የመሥመሮቹን ብዛት አስፍሯል። ሥራው ጠፍቶ ዛሬ የሚገኘው ቁርጥራጩ ብቻ ቢሆንም፣ ዝርዝርን ከፋፍሎ የማቅረብ ልማድ ጥንታዊ መሆኑን ለመመስከር ይበቃል።

በ1605 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን ዕውቀትን ሁሉ ከሦስት የአእምሮ ኃይላት ጋር አያይዞ ከፈለው። ከማስታወስ ታሪክን፣ ከምናብ ቅኔን፣ ከማመዛዘን ፍልስፍናን አወጣ። ቶማስ ጀፈርሰንም የግል መጻሕፍቱን በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ በ44 ምዕራፎች አደራጃቸው። የእንግሊዝ ሠራዊት በ1814 ዋሽንግተንን ባቃጠለ ጊዜ የኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ስለ ጠፋ፣ በ1815 የጀፈርሰን 6,487 ቅጾች ተገዝተው በምትኩ ገቡ። የአንድ ሰው የግል አመዳደብም እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ የአንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ሥርዐት ሆኖ አገለገለ። ለግል የተወጠነ ሥርዐት ለሕዝብ ሊተርፍ የሚችለው በጽሑፍ ሲሰፍር መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።

የ1876 ሁለት መንገዶች

በዚያ ዘመን በብዙ ቤተ መጻሕፍት የአንድ መጽሐፍ ቁጥር የሚያመለክተው ክፍሉን፣ ቁም ሣጥኑንና መደርደሪያውን ነበር። መደርደሪያው ሲሞላ ወይም ክፍሉ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ሜልቪል ዱዊ በ1876 በ44 ገጾች ያሳተመው ትንሽ ጽሑፍ ይህን ልማድ አፈረሰ። ቁጥሩ ለመደርደሪያው መሆኑ ቀርቶ ለመጽሐፉ ርእስ ሆነ። ዕውቀት በ10 ዐበይት ክፍሎች፣ እያንዳንዱም በ10፣ ያም እንደገና በ10 ተከፈለ። 9 ታሪክ ነው፤ 96 የአፍሪካ ታሪክ ነው፤ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። እያንዳንዱ አኃዝ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ የሚያወርድ አንድ ደረጃ ነው።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲመሠረት፣ ቻርልስ ካተር ደግሞ በፊደል ተራ ለሚደረደር ካታሎግ የሚሆን ደንብ አወጣ። የካተር መሣሪያ ቁጥር ሳይሆን ቃል ነው። ለአንድ መጽሐፍ ከአንድ በላይ የርእስ ካርድ ሊጻፍለት ይችላል፤ ለአንድ ነገር ሁለት ስሞች ካሉትም አንዱ ተመርጦ፣ ሌላው «እንዲህ የሚለውን ተመልከት» በሚል ካርድ ወደ ተመረጠው ይመራል። ይሁን እንጂ ካርድ ሁሉ በሰው እጅ የሚጻፍና በመሳቢያ ውስጥ ቦታ የሚይዝ ስለ ነበር፣ ባለሙያው የርእሶቹን ቁጥር መቆጠብ ግድ ሆኖበት ነበር።

የዱዊ ዛፍ ምቹ ቢሆንም ነጻ አልነበረም። በሃይማኖት ክፍል ከ220 እስከ 280 ያሉት ምድቦች ለክርስትና ሲሰጡ፣ የቀሩት የዓለም ሃይማኖቶች በሙሉ በ290 ሥር ተጨናነቁ። ዛፉን የተከለው ሰው የቆመበት ስፍራ በቅርንጫፎቹ ውፍረትና ቅጥነት ይታወቃል ማለት ነው። ወደ ደብሩ ወንጌል ሲመለሱም፣ መጽሐፉ በ226 ከወንጌሎች ጋር ይቀመጣል እንጂ በ963 ሥር የሚፈልገው ሰው በመደርደሪያው ላይ አያገኘውም።

ከዛፍ ወደ ገጽታ

ፖል ኦትሌና አንሪ ላ ፎንቴን በ1895 በብራስልስ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዝርዝር ተቋም መሥርተው፣ የዱዊን ቁጥሮች መነሻ በማድረግ አዲስ ሥርዐት አወጡ። በዚህ ሥርዐት ሁለት ርእሶችን በሁለት ነጥብ ማገናኘት፣ ቦታንና ዘመንን በየራሳቸው ምልክት መጨመር ተቻለ። ካርዶቻቸውም ከ12 ሚሊዮን በላይ ደረሱ።

ይህን ሐሳብ እስከ መሠረቱ የወሰደው ግን ሕንዳዊው ራንጋናታን ነው። ከሒሳብ መምህርነት ወደ መድራስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተዛውሮ፣ ለሙያው ትምህርት ወደ ለንደን በተላከ ጊዜ፣ ተገጣጣሚ ቁርጥራጮች ያሉት የልጆች መጫወቻ በአንድ መደብር አይቶ ሐሳቡ እንደ በራለት ራሱ ተናግሯል። በ1933 ባሳተመው ሥርዐት የተዘጋጀ ዛፍ የለም፤ ገጽታዎች አሉ እንጂ። እነዚህንም በኋላ ዋና ባሕርይ፣ ቁስ፣ ተግባር፣ ቦታና ጊዜ በሚሉ አምስት መሠረቶች ጠቀለላቸው። ባለሙያው መጽሐፉን በእነዚህ ገጽታዎች መርምሮ ቁጥሩን ራሱ ይገጥመዋል። ነገር ግን የተገጠመው ቁጥር በመጨረሻ መጽሐፉን የሚወስደው ወደ አንድ መደርደሪያ ነው። የወረቀቱ መጽሐፍ ግዴታ ገና አልተነሣም።

ቦታና ርእስ ሲለያዩ

ግዴታውን ያነሣው መጽሐፉ ከአካሉ መለየቱ ነው። በ1973 በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የመቅረጽ ታላቅ ሥራ ተጀምሮ 9,000 ያህል ጽሑፎች ተቀርጸዋል። ለእያንዳንዱ የተሰጠው ቁጥር የተራ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለ ይዘቱ ምንም አይናገርም። ይዘቱን የሚገልጸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ካታሎግ ነው፤ በዚያም በአንድ ጥራዝ ውስጥ ያሉት ልዩ ልዩ ድርሰቶችና በኅዳግ የተጻፉት ማስታወሻዎች ተለይተው ተዘርዝረዋል። አድራሻው አንድ ሲሆን፣ ወደ አድራሻው የሚያደርሱት መንገዶች ግን ብዙ ሆኑ።

በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሄንሪየት አቭራም ከ1966 ጀምሮ የመራችው ሥራ የካታሎጉን ካርድ ኮምፒዩተር ወደሚያነበው መዝገብ ለወጠው። በ1971 ማይክል ሃርት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የጉተንበርግ ፕሮጄክት ጽሑፍ በኮምፒዩተር ሲያስገባ ደግሞ መጽሐፉ ራሱ መደርደሪያ የማይሻ ሆነ። ከ2003 በኋላ ተራው አንባቢ ላገኘው ጽሑፍ የፈለገውን መለያ ቃል ማለትም «ታግ» መስጠት ለመደ። ይህ ልማድ ነጻነት ቢሰጥም ሥርዐት አልነበረውም፤ አንዱ «ግብርና» ሲል ሌላው «እርሻ» ይላል፣ ሁለቱም ሳይገናኙ ይቀራሉ።

ኮቪድ ጎያል በ2006 የጀመረውና በ2008 ካሊበር የተባለው የዲጂታል መጻሕፍት ማደራጃ ፕሮግራም የሁለቱን መንገዶች መጋጠሚያ ያሳያል። ፕሮግራሙ ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው በደራሲና በመጽሐፍ ስም ብቻ ነው፤ ርእሱ የሚኖረው በመዝገቡ ውስጥ ነው። ባለቤቱ በመለያ ቃላቱ መካከል ነጥብ በማኖር ተዋረድ ሊሠራ ይችላል። «ታሪክ.ኢትዮጵያ.የመሬት ይዞታ» ብሎ ቢጽፍ በሦስት ደረጃ የሚከፈት ቅርንጫፍ ያገኛል። ለዚያው መጽሐፍ «ሃይማኖት.መጽሐፍ ቅዱስ.ወንጌል» የሚል ሌላ መለያ ሊጨምርለት ይችላል። ለቦታ፣ ለዘመንና ለቋንቋ የየራሳቸውን ዓምድ መፍጠርም ይቻላል። በዚህም የዱዊ ዛፍ፣ የካተር ቃልና የራንጋናታን ገጽታ በአንድ መዝገብ ተገናኙ፤ የደብሩ ወንጌል ለካህኑም ለታሪክ ተመራማሪውም ሳይነፈግ በአንድ ቦታ ተቀመጠ።

የፊደል ፈተና

ይሁን እንጂ ዱዊና ካተር በደንብ የያዙት ኀላፊነት አልጠፋም፤ ወደ እያንዳንዱ አደራጅ ተሸጋገረ እንጂ። ይህም በአማርኛ መለያ ቃላት ላይ ገዝፎ ይታያል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዟል፤ ስለዚህ ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ናቸው። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለው ቃል በሁለቱ «ስ»፣ በሁለቱ «ጽ» እና በሦስቱ «ሁ» ቢለዋወጥ 12 አጻጻፍ ይወጣዋል፤ ሁለቱ ቃላት ሲነጣጠሉና ሲገጥሙ ደግሞ 24 ይሆናል። ደንብ በሌለበት መዝገብ አንዱ ቅርንጫፍ እስከ 24 ሊበታተን ይችላል። ፈላጊው አንዱን ከፍቶ ጥቂት መጻሕፍት ሲያይ፣ ቤቱ ያለው ይኸው ብቻ ነው ብሎ ይመለሳል። መጽሐፉ አልጠፋም፤ ለፈላጊው ግን ከመጥፋት አይለይም።

በዘመን ዓምድም እንዲሁ ነው። ከሁለቱ አቆጣጠሮች የትኛው እንደ ተመረጠ ካልተወሰነ፣ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሳይታወቅ ይገባል። የደራሲ ስምም ሌላው ፈተና ነው። የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚያስቀድም ፕሮግራም ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ» በሚለው ሥር ያሰልፋቸዋል፤ የኢትዮጵያ አንባቢ ግን የሚፈልጋቸው በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አይደለም።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። በራስ ቃል የሚሠራ ተዋረድ፣ ሌላ አገር የተከለው ዛፍ ያጠበበውን የዕውቀት ዘርፍ እንደ ስፋቱ ለመዘርጋት ያስችላል፤ ቅኔን፣ ድጓን፣ አንድምታን፣ ገድልንና ተአምርን በተገቢ ስማቸውና በተገቢ ደረጃቸው ለማኖር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱን ዛፍ ያለ ጽሑፍ ቢተክል፣ የአንዱ መዝገብ ለሌላው አይነበብም፤ አደራጁም ቦታውን ሲለቅ ሥርዐቱ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ መለያ ቃል ከመስጠት አስቀድሞ የተመረጠው አጻጻፍ፣ የእያንዳንዱ ቃል ወሰን፣ የደረጃዎቹ ቅደም ተከተልና የተመረጠው የዘመን አቆጣጠር በጽሑፍ ሊሰፍሩና ከመዝገቡ ጋር አብረው ሊቀመጡ ይገባል። ደንቡ ከጥቂት ገጾች ላይበልጥ ይችላል፤ ነገር ግን ተተኪው ባለሙያ መጽሐፉን የሚያገኘው በእርሱ ነው።