ነቢዩ ኤልያስ የተጠለለባት ቁጥቋጦ

የእጽዋት ስም የሚወጣው በሊቃውንት ጉባኤ አይደለም። ገበሬውና እረኛው፣ እንጨት ለቃሚዋና መድኃኒት ቀማሚው ተክሉን ከሚያውሉበት ሥራ ተነሥተው ይሰይሙታል፤ ሊቃውንትም ዘግይተው ደርሰው ያንኑ ስም በመጽሐፋቸው ያሰፍሩታል። ይህንንም ከአተር ወገን ከሚቈጠሩት ቁጥቋጦዎች ታሪክ በጥቂቱ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንናገርላቸውም ቅጠላቸው ያነሰ፣ ቅርንጫፋቸው እንደ አርጩሜ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ አበባቸው ቢጫ ወይም ነጭ የሆነ፣ በጭንጫ መሬት እንኳ የሚጸኑ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን፣ የአገራችን ካልሆነ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

እንግሊዞች ከእነዚህ ተክሎች አንዱን «ብሩም» ይሉታል። ቃሉ በቋንቋቸው መጥረጊያ ማለትም ነው፤ ነገር ግን ስሙ አስቀድሞ የተክሉ ነበረ። ቅርንጫፉን እያሰሩ ቤት ስለ ጠረጉበት ስሙ ወደ ዕቃው ተላለፈ። የስዊድኑ ሊቅ ካርል ሊኔም በ1753 ይህንኑ ተክል በላቲን ሲመዘግበው ከመጥረጊያ ስም አንሥቶ «ስኮፓሪዩም» አለው። ፈረንሳዮች ደግሞ «ዠኔ» ይሉታል። በ1151 የሞተው የአንዡ ገዥ ዦፍሯ የዚህን ተክል ዘለላ በቆቡ ይሰካ ነበር ስለሚባል «ፕላንታዠኔ» የሚል ቅጽል ወጣለት። ልጁ ሄንሪ 2ኛ በ1154 በእንግሊዝ ዙፋን ተቀመጠ። ቅጽሉን የቤተ ዘመድ መጠሪያ አድርጎ የያዘው ግን ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቈይቶ የተነሣው የዮርኩ መስፍን ሪቻርድ ነው። ቤት የሚጠረግበት ቁጥቋጦ የነገሥታት መጠሪያ ለመሆን በቃ!

ለእኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበን በሲና፣ በኔጌብና በይሁዳ ምድረ በዳ የሚበቅለው ነጭ አበባ ያለው ዓይነት ነው። ዕብራውያን «ሮቴም»፣ ዓረቦች «ረተም» ይሉታል። ከዓረቦች የተቀበሉት እስፓኞች «ሬታማ» አሉት። የሊኔ ደቀ መዝሙር የነበረው ፔተር ፎርስኮል ከዴንማርክ ንጉሥ መልእክተኞች ጋር ወደ ዓረብ አገር ሄዶ በ1763 በየመን ሞተ፤ በ1775 በታተመለት መጽሐፉ ውስጥ ግን የዓረቦቹን ስም ሳይለውጥ ለሳይንስ አስረክቧል።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ቤርሳቤህ ከደረሰ በኋላ ብላቴናውን በዚያ ትቶ አንድ ቀን የሚያስኬድ መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ሞትን የለመነው ከሮቴም ሥር ተቀምጦ ነው። የሮቴም ጥላ ስስ ነው፤ ቅጠሉ ጥቂት ከመሆኑም በላይ ቶሎ ይረግፋል፤ ሙቀቱን የሚያበርድ አይደለም። ከዚህ የተሻለ መጠለያ ማጣቱ የነቢዩን መከራ ይነግረናል።

ትርጓሜው ግን ቀላል አልሆነም። የግሪኩን ትርጓሜ ያዘጋጁት ሊቃውንት ቃሉን እንዳለ በፊደላቸው ጻፉት። ሄሮኒሞስ በላቲን ጥድ አለው። ሉተርም በጀርመንኛ፣ በ1611 የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ተከተሉ። በ1952 የወጣው የእንግሊዝኛ እትም ግን «ብሩም» ብሎ አርሞታል። እኛ ጥድን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እናውቀዋለን፤ ግርማ ያለው ዛፍ ነው። ኤልያስ ከጥድ ሥር ተቀመጠ ቢባል የአገራችን ሰው ደግ ማረፊያ አገኘ ብሎ ባሰበ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዚህ ቦታ ያስቀመጠው ክትክታን ነው። በእጽዋት ሊቃውንት ሚዛን ክትክታ ከአተር ወገን አይደለም፤ ከሮቴም ጋር ዝምድና የለውም። ስለዚህ ስሕተት ነው የሚል አይጠፋም። እኛ ግን አናወግዘውም። ክትክታ በተራቈተና በደረቅ መሬት የሚበቅል፣ ለማገዶም የሚፈለግ ቁጥቋጦ ነው። የሮቴምም ዝና በፍሙ ነው። በዕብራይስጡ 120ኛ፣ በግዕዙ 119ኛ መዝሙር ለሐሰተኛ አንደበት ቅጣት ሆኖ የተጠራው የዚሁ ተክል ፍም ነው፤ የአይሁድ መምህራንም ፍሙ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ይቈያል እያሉ ይተርኩ ነበር። በኢዮብ መጽሐፍ ምዕራፍ 30 የተራቡ ሰዎች የሮቴምን ሥር እንደ ተመገቡ በብዙ ትርጓሜዎች ይነበባል፤ ሆኖም ሥሩ መራራ ነው። የዕብራይስጡ ፊደላት «ይሞቁበት ዘንድ» ተብለው ሊነበቡ ስለሚችሉ፣ ሥሩን አንድደው ሞቁት የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ለእኛም ይህ ይበልጥ ያሳምነናል።

ዝምድናን ብቻ ለሚፈልግ ድግጣ ነበረች። ድግጣ በእርግጥ ከአተር ወገን ናት፤ አበባዋም ወርቅ ይመስላል። ነገር ግን ድግጣ የደጋና የወይና ደጋ፣ ቅጠሏ የበዛ፣ የአጥርና የመንገድ ዳር ተክል ናት። ገበሬው ቅጠሏን ጨቅጭቆ የከብቱን ቅማል ያጠፋባታል። ስሟ ሲጠራ ምድረ በዳ ትዝ የሚለው ሰው የለም። ተርጓሚዎቹ ከዘር ይልቅ ኑሮን መርጠዋል ማለት ነው።

በዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሮቴም በገዛ ስሙ የቀረበት አንድ ቦታ አለ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 33 እስራኤል ከሐጼሮት ተነሥተው የሰፈሩበት ሥፍራ ሪትማ ይባላል። የቦታ ስም በመሆኑ ማንም አልተረጐመውም። አንባቢም በቁጥቋጦው ስም ላይ ሳያውቀው አልፎ ይሄዳል።