ድመቷና ጅቡ፤ ከ«ሰይጣን ቤት» እስከ ቪዲዮ ቤት

የፈረስ ቤት ሰው ሲመሽ ምን ይፈራል ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ጅብ። ድመትን የሚፈራ አይጥ ብቻ ነው። በደጋ ዳሞት ቤት ድመት የምድጃ ዳር ባለሟል፣ የጎተራ ዘበኛ ናት። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እያልን ብንተርትባትም ሌብነቷን አማን እንጂ ሰይጣን አላልናትም። ታዲያ የባሕር ማዶው ሰው ምን ቆጥሮ ነው ድመትን የሰይጣን መልእክተኛ ያደረገ ፊልም የሠራው?

ፊልሙ «ዘ አንካኒ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1977 እንግሊዞችና ካናዳውያን በጋራ የሠሩት፣ ዴኒ ኤሩ ያዘጋጀው፣ ሦስት ታሪኮችን በአንድ ያሰረ የሚያስፈራ ፊልም ነው። ፒተር ኩሺንግ ሞንትሪያል ውስጥ የሚኖር ደራሲ ሆኖ ይጫወታል። ይህ ደራሲ ድመቶች የሰውን ልጅ በስውር እንደሚገዙ አረጋግጫለሁ ብሎ የጻፈውን ይዞ ወደ አሳታሚው ይሄዳል። አሳታሚው ሬይ ሚላንድ ነው። ደራሲው ማስረጃዬ ናቸው የሚላቸውን ሦስት ታሪኮች አንድ በአንድ ይተርክለታል።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1912 ለንደን ውስጥ ይሆናል። አንዲት ሀብታም አሮጊት ወንድም እህት የወለደውን ዘመድ ነቅላ ንብረቷን ሁሉ ለድመቶቿ ትናዘዛለች። የዘመድየው ወዳጅ የሆነችው የቤት ሠራተኛ ኑዛዜውን ልትሰርቅ ስትል ትያዝና አሮጊቷን አፍና ትገድላለች። ድመቶቹም ደሟን ይመልሳሉ። ሁለተኛው በ1975 ኬቤክ ውስጥ ነው፤ እናት አባቷ የሞቱባት ልጅ በአክስቷ ቤት መከራዋን ታያለች፤ ያላት ወዳጅ አንድ ድመት ብቻ ነው። ሦስተኛው በ1936 ሆሊውድ ውስጥ ነው፤ ዶናልድ ፕሌዘንስ የሚጫወተው ተዋናይ ሚስቱን በፊልም ቀረጻ ላይ አደጋ አስመስሎ ያስገድላል፤ የሟቿ ድመት ግን አይለቀውም።

እስቲ ልብ እንበል። በሦስቱም ታሪክ መጀመሪያ የሚበድለው ማነው? ሰው ነው። ገንዘብ የጎመጀው፣ የሙት ልጅ ያንገላታው፣ ሚስቱን የገደለው ሰው ነው። ድመቷ የምትመጣው በኋላ፣ ፍርድ ሲጠፋ ነው። እንግዲህ ደራሲው ተንኮለኛ ናት ብሎ የከሰሳት ድመት በራሱ ማስረጃ ዳኛ ሆና ተገኘች ማለት ነው። ፊልሙ ይህን አስቦበት ይሁን ሳያስብበት፣ ሳያውቀው እውነቱን ተናግሯል።

የክሱ ሥር ግን ከፊልሙ በጣም ይርቃል። በጥንት ግብፅ ድመት የተከበረች ነበረች፤ ባስቴት የምትባለው አምላካቸው በድመት መልክ ትሣል ነበር። አውሮፓ ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ1233 ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 9ኛ ባወጡት ደብዳቤ መናፍቃን ናቸው የተባሉ ሰዎች በስብሰባቸው ለጥቁር ድመት ይሰግዳሉ ተብሎ ተጻፈ። በ1484 ደግሞ ኢኖሰንት 8ኛ ጠንቋዮች እንዲታደኑ ፈቀዱ። ከ1450 እስከ 1750 ባለው ዘመን ከ40 ሺህ እስከ 60 ሺህ የሚገመት ሰው በጥንቆላ ክስ ተገደለ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ብዙ ጊዜ የምትከሰሰዋ ድሃ፣ አሮጊት፣ ጠያቂ የሌላት ጎረቤት ነበረች። ድመቷም ከጌታዋ ጋር ተከሰሰች።

እኛስ? እኛም አዲስ ነገር ሲመጣ ሰይጣን ማለት ይቀናናል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓሠርታት በአዲስ አበባ፣ በዛሬው ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ፣ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። በጨለማ ግድግዳ ላይ ሰው ሲራመድ ማየት ቀላል ነገር አይደለማ! እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ቪኤችኤስ የተባለውን ካሴት ካወጣች በኋላ ግን ሲኒማው ራሱ ከተማ ለከተማ ዞረ። በየአውራ ጎዳናው ከተሞች ቪዲዮ ቤት ተከፈተ፤ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ ክፍል፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ። የካራቴና የህንድ ፊልም ያየ ልጅ ቤቱን ሰይጣን ቤት አላለውም። የአያቶቹ ፍርሃት በአንድ ትውልድ ተነነ።

ያልተነነው ሌላው ፍርሃት ነው። ጎጃም ውስጥ ስንቱ ልጅ በእሳት ዳር ሆኖ ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል ሰምቷል! ቡዳ የሚባለውስ ማነው? ሸክላ ሠሪዋ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከማን ያገኛል? እማወራዋስ ምጣዷን፣ እንስራዋን፣ ጀበናዋን? ከነዚሁ ሰዎች ነው። ቀን በእጃቸው ሥራ እንበላለን፣ ማታ ጅብ እንላቸዋለን። የአውሮፓዋ አሮጊትና የኛው ቀጥቃጭ የሚመሳሰሉት በዚህ ነው፤ ሁለቱም ቅርብ ናቸው፣ ሁለቱም ጉልበት የላቸውም። ቀጥቃጩማ ለዘመናት የርስት ባለቤት እንኳ አልነበረም። ርስት ያለው ሰው ቡዳ ሲባል ብዙም አንሰማም፤ ጉዳዩ የመንፈስ ሳይሆን የመሬት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ነገሩን ያስተዋሉ ነበሩ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ ከለከሉ፤ ስድቡንም በራሳቸው ላይ እንደተሰነዘረ እንደሚቆጥሩት አስታወቁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በእጁ ለሚያርስ ሁሉ መሬት የማግኘት መብት ሰጠ። አንዱ አዋጅ አፍን፣ ሌላው ሆድን ነካ። ልብን የሚነካ አዋጅ ግን እስካሁን አልወጣም፤ ሊወጣም አይችልም።

ፊልሙ ሲያልቅ ደራሲው በድመቶች ይሞታል፤ የጻፈውም እሳት ውስጥ ይገባል። ተመልካቹ ድመቶቹ አሸነፉ ብሎ ይደነግጥ ይሆናል። እኔ ግን ክሱ በመቃጠሉ ደስ አለኝ። በዶርማችን ውስጥ እንኳ ጓደኛው ሲበላ አተኩሮ ያየን ልጅ «ቡዳ!» ብለን እንስቃለን። ቀልድ ነው እንላለን። የሸክላ ሠሪ ልጅ ሆኖ ከመካከላችን የተቀመጠ ቢኖርስ? እሱም አብሮን ይስቃል፤ ምን ያድርግ? ማንነቱን ላለማሳወቅ ከሁላችን በላይ ጮክ ብሎ ይስቃል። ጅቡን ትተን ይህን ሳቅ ብንፈራ ይሻላል።